ጥላዬ የገባበት

ያስገቡን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። ጆንያው ወጥቷል፣ ሽታው ግን ቀርቷል። ቆርቆሮው ገና ከረፋዱ ይግላል፤ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ሰሊጥ እግር ሥር ይንኮሻኮሻል። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር አንድ ረድፍ ቀዳዳ ብቻ አለ። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ከዚያ የሚወርደውን ብርሃን ነው። በስንት ሰዓት ወደ ግድግዳው እንደሚዞር፣ ካሜራ የት ቢቆም እንደሚሻል አሰብኩ። እዚያ ገብቼ እንኳን ይህን ማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አብራኝ የገባችው ሴት የበርበሬ ጆንያዋን ታቅፋለች። ወታደሮቹ በሳንጃ ወግተው ስለፈተሹት በተነካ ቁጥር ይበናል። የመጀመሪያውን ሰዓት ሁለታችንም ስናስነጥስ አሳለፍን። ዘበኛውም ከውጭ ያስነጥስ ነበር። እሷ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ እዚያ ያስገባኋት እኔ ነኝ።

ብዙ ዓመት በቴሌቪዥን ድራማ የቤት ሠራተኛ ሆኜ ተጫውቻለሁ። መንገድ ላይ ሰው በስሜ አይጠራኝም፤ "ሠራተኛዋ!" ነው የሚለኝ። በእነዚያ ዓመታት አብዝቼ የሰማሁት ቃል "አንድ ጊዜ ደግሞ" የሚለው ነው። አለቅሳለሁ፤ የመኪና ድምፅ ገባበት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ። ትሪ ይዤ ደረጃ እወጣለሁ፤ መብራቱ አላማረም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ። አንድ ቀን ያንኑ ልቅሶ ስደጋግም እንባዬ ቢያልቅ ሽንኩርት ዐይኔ ሥር አሹልኝ። ያን ዕለት ለራሴ ማልኩ፤ ዳይሬክተር የሆንኩ ቀን ሰው አላንገላታም አልኩ።

ዳይሬክተርም ሆንኩ። የመጀመሪያ ፊልሜ ከመተማ በርበሬና ሽሮ ተሸክመው ወደ ገዳሪፍ ስለሚያስገቡ ሴቶች ነበር። ረዳት የለኝም፤ ካሜራውን የያዝኩት እኔው ነኝ። ይህችን ሴት ያገኘኋት መተማ፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። የጎንደር ልጅ ናት፤ ገዳሪፍ ብዙ ኖራለች፣ የመኖሪያ ወረቀት ግን የላትም። የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። አባትየው ወደ ሊቢያ እንደወጣ ቀርቷል። ልጅቷን ሐቦባ፣ አያቴ፣ ለምትላት ሱዳናዊት አሮጊት ጎረቤቷ ሰጥታ፣ ነገ እመለሳለሁ ብላ ነው የመጣችው። ገና ስታየኝ "ውይ! ያች ሠራተኛዋ!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ልቅረጽሽ ስላት አላንገራገረችም።

የካርቱሙ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ከመተማ ማዶ፣ በገላባት በኩል ካሜራ የያዘ ሰው በክፉ ዐይን ይታያል። ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። እኔ በድልድዩ በኩል ፓስፖርቴን አስመትቼ ቀድሜ ገባሁ፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ዳር ወርጄ ጠበቅኋት። እሷ በደረቁ ወንዝ አቋርጣ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ ጆንያዋን አጠገቤ አወረደች። ማንም አላያትም። ገብታ ነበር፤ አብቅቶ ነበር። ምስሉን መልሼ ሳየው ግን ፀሐዩ ከጀርባዬ ኖሮ የራሴ ጥላ መሬቱ ላይ ተጋድሟል።

"እህቴ፣ ይቅርታ፣ ጥላዬ ገብቶበታል" አልኳት። "አንድ ጊዜ ደግሞ ተመልሰሽ ትወጪልኛለሽ?"

"ላንችማ አስር ጊዜ!" ብላ ጆንያዋን ተሸከመች። ሁለተኛ ስትወጣ ሁለት ወታደሮች ዳገቱ ላይ ቆመው ነበር።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔም ያን ያህል ዓመት የጠላሁት ቃል ከአፌ ሲወጣ አልታወቀኝም።

በመኪና ጭነው ገዳሪፍ ካመጡን በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ቀን ማንም አልጠራንም። ስለራሷ አታወራም፤ የምታወራው ስለ ልጅቷ ነው። "ሐቦባ ዐይኗ ደካማ ነው" ትለኛለች። "ከአረንጓዴ በሯ ከወጣችባት አታያትም።" ቆይታ ደግሞ፣ "ፀጉሯን እኔ ካላበጠርኋት አታስነካም እኮ" ትላለች። ነገ ይለቁናል እላታለሁ። "በምን አወቅሽ?" ስትለኝ ወለሉ ላይ ያለውን ሰሊጥ በእጄ እጠርጋለሁ። ከዚያ በፊት የትም ቦታ እንዲያ ያለ አቅም ማጣት አልተሰማኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ መርማሪው ወሰዱን። መነጽር ያደረገ፣ በዕድሜ የገፋ፣ ትሑት ሰው ነው። ሻይ አስመጣልን። እሱ አማርኛ አያውቅም፣ እኔ ዐረብኛ አላውቅም፤ አስተርጓሚው ደግሞ አልመጣም። ወደ እሷ ጠቁሞ እንድትተረጉም አዘዛት።

ሌሊቱን ሳስብ ያደርኩት ነበረኝ። አላፊ አግዳሚ ናት ከተባለች ይለቋታል፣ ልጇም ዘንድ ትደርሳለች ብዬ ነው። "ይህችን ሴት አላውቃትም" አልኩ። "ተደብቄ ነው የቀረጽኳት። ፊልም መሆኑንም አታውቅም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።" እንባዬም መጣ፣ ያለ ሽንኩርት። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ ተጫውቼ አላውቅም።

እሷ እስክጨርስ ጠብቃ ለሰውየው ነገረችው። አነጋገሯ ረዘመብኝ። መርማሪው ካሜራዬን ከመሳቢያው አውጥቶ ከፈተው። ከውስጡ የራሴ ድምፅ ወጣ፤ "አንድ ጊዜ ደግሞ ተመልሰሽ ትወጪልኛለሽ?" ከዚያ የእሷ ሳቅ ተከተለ። ምን እንደሚል ጠየቃት። እሷም በእጇ መሬቱን እያሳየች፣ ደግሞ እኔን እያሳየች አስረዳችው። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ሲስቅ ማንኛውንም ጨዋ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ መነጽሩን አስተካክሎ ጻፈ። ዕድሜዬን በሙሉ ትዕይንት ውስጥ ኖሬ፣ በዚያኛው ትዕይንት በዐረብኛ ከተባለው አንዲትም ቃል አልገባኝም።

መጋዘኑ ስንመለስ፣ "ምን አልሽው?" አልኳት።

"እውነቱን።"

"እኔ ያልኩትስ?"

"እሱን አልነገርሁትም። ተደብቄ ቀረጽሁ ካልሽ ጃሱሳ ናት፣ ሰላይ ናት ይሉሻል እቴ። በዚህ ጊዜ ጃሱሳን ምን እንደሚያረጉት አንች አታውቂም፣ እኔ አውቃለሁ። ጓደኛዬ ናት፣ ፊልም ትሠራለች፣ ጥላዋ ቢገባባት ነው የመለሰችኝ አልሁት። 'ለጥላ ብሎ ሰው የሚመልስ ሰላይ አላየሁም' አለኝ።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ወረቀት የለኝ። ሁለት ጊዜ ስገባ በዐይኑ አየኝ። ወደ መተማ ይመልሱኛል።" ጆንያዋን ወደ ራሷ ሳበችና፣ "ማልቀሱን ግን ታውቂበታለሽ" አለችኝ።

ተነስቼ በሩን ደበደብኩ። ሰውየውን ጥሩልኝ፣ ልጅ አለቻት አልኩ በአማርኛ። ዘበኛው "ኸላስ፣ ኸላስ" አለኝ፣ በቃ እንደማለት። እጄ እስኪያብጥ ደበደብኩት። እሷ መጥታ እጄን ያዘችና አስቀመጠችኝ።

በማግስቱ ጠዋት የመኪና ድምፅ መጣ። ዘበኛው በሩን ከፍቶ "ያላ!" አላት። አልቸኮለችም። ከጀሪካኑ በጥቂት ውሃ ፊቷን ታጠበች፣ ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረች። ሳንጃ የበሳውን ጆንያ ሌሊቱን ከነጠላዋ ጥለት በመዘዘችው ክር ቋጥራው አድራለች። አንስታ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ መለሷት፤ የመባረሪያ ወረቀቷ ገና አልተፈረመበትም ነበር። ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

እንደገና "ያላ!" ሲላት በሩ ላይ ደርሳ ቆመችና ዞረች። ብርሃኑ ከጀርባዋ ነበር።

"ይኸኛውስ?" አለችኝ። "ጥላ አለበት?"

የእሷ ጥላ ወለሉን አቋርጦ እግሬ ድረስ መጥቷል። "የለበትም" አልኳት። "ጥሩ ነው።"

ወገቧን አቅንታ፣ ወንዙ ውስጥ እንደሄደችው እየተራመደች ወጣች። ዘበኛው መንገድ ለቀቀላት።

ከሳምንት በኋላ ፓስፖርቴንና ባዶ ካሜራዬን ሰጥተው በገላባት ድልድይ አሻገሩኝ። ስንወጣ በአረንጓዴው በር፣ በሐቦባ ቤት በኩል እንድናልፍ ለመንኳቸው። አልሰሙኝም። መተማ ሻይ ቤቱ ሄጄ ጠየቅኩ። አንድ ቀን አድራ፣ በሌላው ድንበር፣ በሐምዳይት በኩል ልሞክር ብላ ሄደች አሉኝ። በኋላ ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነግሬው፣ ገዳሪፍ ደርሶ አረንጓዴውን በር ተዘግቶ አገኘሁት አለኝ። እናትና ልጅ ተገናኝተው እንደሆነ አላውቅም። ዛሬም ድረስ አላውቅም።

ያ ፊልም አልተሠራም። ሌሎች ሠራሁ። አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች አንዴ ብቻ ቀርጻ የምታልፍ ሰነፍ ዳይሬክተር እያሉ ያሙኛል፤ እሰማለሁ። ባለፈው ወር አንዲት ተዋናይ ጆንያ ተሸክማ ዳገት ወጣች። ካሜራ ያዡ፣ "ጥላሽ ገብቷል፣ እንድገመው" አለኝ። እሷም ጆንያዋን እንደተሸከመች ወደ ታች ለመመለስ ፊቷን አዞረች።

"ተይው" አልኳት። "አውርጂው። ደርሰሻል፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ።"