የሙሽራ መኪና ጎማ ፍለጋ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ

የልጅ ልጆቼ የኮምቦልቻውን የጎማ ጉዞ ይንገሩን እያሉ ይጨቀጭቁኛል። እጀምርላቸዋለሁ፤ መኪናዋ ውስጥ የገባሁበት ላይ ስደርስ ሳቃቸው ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰማኝ የለም። በመጨረሻ ሐያት የምትባለዋ፣ "እማማ፣ በቃ ይጻፉልን፤ ሳቃችንን ለብቻችን እንስቃለን" አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። የሳትኩትን አንባቢ በልቡ ያርመው።

መንገድ ግን አውቃለሁ። ኩታበር ተወልጄ፣ ባቲ ገበያ በእግሬ ስመላለስ ነው ያደግኩት። ዛሬም ቢሆን እንሂድ ያለኝን ሰው ወዴት ብዬ የምጠይቀው ነጠላዬን ካነሳሁ በኋላ ነው።

የጉዞው ምክንያት

ሰኢድ የትልቁ ልጄ ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይሠራል። ከአዳማ አንዲት ቀይ መኪና ገዝቶ መጣ፤ በሯ ሁለት፣ ጣሪያዋ ከወገቤ በታች። ሰው ስፖርት መኪና ይላታል። እኔ እንቁራሪት ነው የምላት፤ መሬት ላይ ተለጥፋ ዓይኗን ታፈጣለች። ሰኢድ የደሴዋን ዘይነባን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ ሰርጉ ለእሑድ ተቆርጦለት ነበር። ሙሽራዋን ከአባቷ ቤት አንስቶ በእንቁራሪቷ ኮምቦልቻ ሊያወርዳት ልቡ ተነስቷል።

አባቷ ጋሽ ይማም ደግሞ ዕድሜያቸውን በሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰኢድ መኪናዋን አጥቦ፣ አስወልውሎ በራቸው ላይ ቢያቆማት፣ ቀለሟንም ወንበሯንም አላዩላትም። ጎንበስ ብለው ጎማዋን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

"ጥርስ የለውም" አሉ። "ልጄን በዚህ ሐረጎን አታወርዳትም። እሑድ ጠዋት መጥቼ እንደገና አያለሁ። ሳላይ ከቤት አትወጣም።"

ሐረጎን ለማያውቅ ልንገረው። ደሴ ተራራው ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ እታች ሜዳው ላይ። በመካከል ያለው ቁልቁለት ሐረጎ ነው። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ በበልግ ዝናብ አስፋልቱ ሳሙና የተቀባ ይመስላል፤ ጉም ከወረደ ደግሞ የፊትህ መኪና የሚታወቀው በጥሩምባው ነው።

ሰኢድ ለጎማና ለአልጋ ብሎ ያስቀመጠው ብር ነበረው። እኔ ብርን በሙክት ነው የማስበው፤ የብር ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ አይደለም፤ ሙክት ግን ሁልጊዜም ሙክት ነው። የልጁ ገንዘብ ስምንት ሙክት ይገዛል። ግማሹ ለጎማ፣ ግማሹ ለአልጋ ከነፍራሹ። እኔን የፈለገኝ ለክርክር ነው። ሰኞ ገበያ ውስጥ እኔን የሚያውቅ ነጋዴ ከሩቅ ሲያየኝ ጥሩውን ዕቃ ይሸፍናል ይባላል። ውሸት አይደለም።

ከደሴ መነሳት

ሐሙስ ጠዋት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ተነሳን። ሰው መኪና ላይ ይወጣል፤ እኔ ያን ቀን መኪና ውስጥ ወረድኩ። መጀመሪያ ቀኝ እግሬን አስገባሁ፤ ጭንቅላቴ ውጭ ቀረ። ጭንቅላቴን አስገባሁ፤ መቀመጫዬ ጎዳናው ላይ ቀረ። አንድ ጋሪ የሚነዳ ሰው ጋሪውን አቁሞ፣ "በጀርባዎ ይግቡ እናቴ፣ እንደ ላም" አለኝ። ስድቡ ቢያናድደኝም ምክሩ ደህና ነበር፤ በጀርባዬ ገባሁ። ቢስሚላህ ብዬ ቀና ስል ዓይኔ ከሰው ጉልበት ጋር እኩል ነው። ደሴን ያህል ከተማ ጫማ ጫማውን እያየሁ ወጣሁ። ስንቱ የለበሰው ሱሪ አዲስ፣ ካልሲው ቀዳዳ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሐረጎ ላይ

ቁልቁለቱ እንደጀመረ ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ መኪና ነበር። ሰኢድ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ልጁ ነውር የለበትም። አንዱ መታጠፊያ ላይ ግን መሪውን ወደ ግራ ሲያዞረው እንቁራሪቷ አልሰማሁም አለች። ትንሽ ቀጥ ብላ ተንሸራተተችና ወደ ዳር ደርሳ ቆመች። አልተጎዳንም። ሰኢድ መሪውን እንደያዘ ፊቱ የተቀቀለ ድንች መስሏል።

"አብሽር" አልኩት። "እንኳን እሑድ አልሆነ።"

"እማማ፣ አጠገቤ እሷ ብትሆንስ ኖሮ?"

"እኔስ? እኔ ቆሎ ነኝ?"

የቆምነው ቆሎ ከምትሸጥ ሴት ፊት ነበር፤ ስቆ ልቡ ይመለስ ብዬ ነው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየችንና፣ "እናቴ፣ የመኪናው ሌላው ግማሽ የት ቀረ?" አለችኝ። ከኋላ እየመጣ ነው አልኳት። አንድ ስኒ ጨምራ ሰፈረችልኝ። ቆሎውን እየቆረጠምን በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብለን ወረድን። የጫነ ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን።

ኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ልብስ ይከብዳል። ጋቢዬን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ሰኢድ ወደ አንድ ጎማ ቤት ወሰደኝ፤ ባለቤቷ ትርንጎ ትባላለች፤ ጥፍሯን ቀይ ተቀብታ፣ የጎማ ቁልል ላይ እንደ ዙፋን ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። እሷና ጎማ ገጣሚው ሠራተኛዋ ተጋግዘው እጅና እጄን ይዘው ከመኪናዋ አወጡኝ።

ሁለት ዓይነት ጎማ አቀረበችልን። አንደኛው ደረቅ፣ ጥርሱ ጥልቅ ጥልቅ ያለ፣ አራቱ በአራት ሙክት ዋጋ። ሁለተኛው ለስላሳ፣ መስመሩ ቀጭን፣ አራቱ በስምንት ሙክት። ይህ ማለት ሰኢድ ለስላሳውን ከገዛ አልጋ የለም።

እኔ ጎማ አውቃለሁ። ልጅነቴን ያሳለፍኩት በበረባሶ ነው፤ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሰፋውን ጫማ ማለቴ ነው። የኔ በረባሶ ባቲ ስንት ጊዜ ወርዶ ወጥቶ፣ ከኔ ወደ እህቴ፣ ከእህቴ ወደ ታናሿ አልፎ እንኳ አላለቀም። ስለዚህ ሁለቱን ጎማዎች በአውራ ጣቴ ተጫንኳቸው፤ አንኳኳኋቸው፤ አሸተትኳቸው። ለስላሳው እንደ ሊጥ ይገባል።

"ይሄ የተበላሸ ነው" አልኳት። "አንድ ክረምት አይለበስም። ደረቁን እንወስዳለን፤ ይሄ ባቲ ደርሶ ይመለሳል።"

"እማማ፣ የምታጠልቀው እኮ መኪና ናት" አለች ትርንጎ።

"መኪናም እግር አላት።"

ሰኢድ ተንፈስ አለ። አያቱ ለደረቁ ፈረደች፤ አልጋውም ተረፈ። እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ትርንጎ ሻይዋን አስቀመጠች።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባቲ ሲወርዱ ወንዝ ይሻገሩ ነበር?"

"ቦርከናን። ሌላም አለ።"

"በረባሶውን ምን ያደርጉት ነበር?"

"አውልቄ በእጄ እይዘዋለሁ።"

"ለምን?"

"ለምን ትያለሽ? እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታላ። ባዶ እግር ነው የሚይዘው፤ ለስላሳው…"

እዚህ ላይ አፌ ቆመ። ጎማ ገጣሚው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ደረቁን ጎማ በእግሯ ገፋ አደረገችውና፣ "እና እሑድ ዝናብ ከጣለ፣ ሐረጎ ላይ መኪናዋ ጎማዋን አውልቃ በእጇ ትያዘው?" አለች።

 እኔ የራሴን በረባሶ ሳስብ ነበር፤ ያን ያህል ዘመን ለብሼው፣ ወንዝ ዳር ስደርስ ግን አንድ ቀን እንኳ አምኜው አላውቅም። ሰኢድ ደግሞ ደረቁን አየ፤ ለስላሳውን አየ፤ ውጭ የቆመችውን እንቁራሪት አየ። የሚወስነው እሱ ነውና ምላሴን ያዝኩ፤ ለኔ ቀላል ሥራ አልነበረም።

"አልጋው ይቅር" አለ። "ለስላሳውን ግጠሙልኝ።"

ከዚህ በኋላ ተራው የኔ ሆነ። ነጠላዬን አጣፍቼ የጎማ ቁልሉ ላይ ተቀመጥኩና ክርክር ጀመርኩ። ሙሽራ መሆኑን ነገርኳት። መሬት ላይ ሊተኛ መሆኑን ነገርኳት። ሁለቴ ለመሄድ ተነሳሁ፤ መኪናዋ ውስጥ ብቻዬን መግባት ስለማልችል ሁለቴም ተመልሼ ተቀመጥኩ። ትርንጎ አንገቷን ደፍታ አሰበች፤ ወደ ጣሪያ አየች፤ እመብርሃንን፣ ከሰርኩ አለች። በመጨረሻ ለስላሳውን በስድስት ሙክት ሰጠችን። አሮጌዎቹንም ጎማዎች ሁሉንም አልተውኩላትም፤ አንዱን አስጫንኩ። የተረፈው የሁለት ሙክት ብር ፍራሽ ገዛ። አልጋ የለውም እንጂ ወፍራም ፍራሽ ነው።

መልስ ወደ ደሴ

ሽቅቡን ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ያው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ሰኢድ ትንፋሹን ዋጠ፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንቁራሪቷ መሬቱን ይዛ ዞረች። ቆሎ ሻጯ ላስቲክ ተከናንባ አየችንና እጇን አነሳች፤ ግማሹ ደረሰ ወይ ማለቷ ሳይሆን አይቀርም።

ቤቴ ገብቼ ጉልበቴን በቅባት እያሸሁ ያሰብኩት ይህን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ስገዛ ስንት ዓመት ይቆያል ብዬ ነው የጠየቅሁት። በክፉ ቦታ ላይ ይይዘኛል ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የጉዞው ትምህርት ለኔ ይህችው ናት። አሮጌውን ጎማ በረባሶ ላሰፋው ብወስደው ጫማ ሰፊው ሳቀብኝ፤ አሁን ዶሮዬ ትታቀፍበታለች።

እሑድ

እሑድ ጠዋት ካፊያ ነበር። ዘይነባ ለብሳ፣ ዓይኗን ተኩላ፣ በር ላይ ቆማለች። ጋሽ ይማም በአዲስ ልብሳቸው ጭቃው ላይ ቁጢጥ አሉ። አራቱንም ጎማ አንድ በአንድ ዳበሱ። ሰኢድ ላቡ በካፊያው መሃል ይታይ ነበር። ሰውየው ተነሱና እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"በስንት አገኛችሁት?"

እኔ ቀደምኩና በስድስት ሙክት ዋጋ አልኳቸው፤ እንዴት እንዳስቀነስኩም ከነመነሳቴ ከነመቀመጤ አወራሁላቸው።

"አጀብ ነው፣ እማማ ሀዋ" አሉ ፊታቸው ሳይፈታ። "ትርንጎን ያስቀነሰ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።"

የሱቋን ባለቤት ስም እንዳልነገርኳቸው ያኔ ልብ አላልኩም። የመኪናዋን በር ራሳቸው ከፍተው ልጃቸውን አስገቡ። እኔ ከሌላው ሰው ጋር በአውቶቡስ ተከተልኩ። ሐረጎን እስክንወርድ ከፊታችን ቀይዋን አላጣኋትም።

ከዓመታት በኋላ፣ ዘይነባ ሁለተኛዋን ከወለደች ወዲያ፣ ለሌላው የልጅ ልጄ ሚኒባስ ጎማ ልከራከር ትርንጎ ጋ ሄድኩ። አልቀነስም አለችኝ። "ለሰኢድስ የሁለት ሙክት ዋጋ ቀንሰሽልኝ አልነበር?" ብላት ሻይዋ ትን አላት። ለካ ጋሽ ይማም ሰኢድ እሷ ጋ እንደሚገዛ ሰምተው ከሐሙሱ በፊት ሱቋ መጥተው ነበር። የሁለት ሙክቱን ብር አስቀምጠው፣ "ደረቁን ከገዛ ዝም በይ፤ ለስላሳውን ራሱ ከመረጠ ግን ይህን ቀንሺለት፤ እንዳታሳፍሪው" ብለዋት ነበር። እሷ ግን ዝም ማለት አላስቻላት ብሎ ስለ ወንዙ ጠየቀችኝ።

ደረቁን ገዝቶ ቢሆን ኖሮስ ምን ያደርጉ ነበር ብዬ ጠየቅኋት። እንደነገረችኝ፣ ያን እሑድ ጠዋት ጋሽ ይማም ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብለው ጎማ ሲዳብሱ፣ ከቤታቸው ጀርባ የተከራዩት ሚኒባስ አበባ ተለጥፎበት፣ ሹፌሩ መሪው ላይ ሆኖ ዘይነባን ሊያወርድ ይጠብቅ ነበር።