ሻንጣ የሆነችው ሚስ ኦዴላ

ሚስ ኦዴላ ፕሩት ዝም ያለችበት ቀን በዕድሜዋ አንድ ብቻ ነው። ክሊቭላንድ ውስጥ ያን ቀን የሚያስታውሱት ሁሉ በሳቅ ነው የሚያስታውሱት።

በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ማካሮኒ በአይብ ስትጋግር፣ ዶሮ ስትጠብስ የኖረች ሴት ናት። ዛሬ ያ ወጥ ቤት ፈርሷል፤ ድምጿ ግን ግድግዳው ላይ የቀረ ይመስለኛል። የማን እናት ሥራ እንደ ቀየረች፣ የማን ጫማ እንደ ጠበበ፣ ሁሉን ታውቃለች። ያወቀችውን ደግሞ ሆዷ አያሳድረውም።

ትምህርት ቤቱ መሃል ከተማ ያለ፣ ቻርተር የሚሉት ዓይነት ነው። ወጪውን መንግሥት ይችላል፤ መምህራኑ ግን ደስ ባላቸው መንገድ ያስተምራሉ። እነሱ ያመጡት ነገር ጉዞ ነበር። እንደ ሒሳብ፣ እንደ ንባብ፣ ጉዞም ውጤት የሚሰጥበት ትምህርት ነው። ካርታ የሚያነበው ልጅ፣ ቲኬት የሚቆርጠው ልጅ፣ አውቶቡስ የሚመርጠው ልጅ። አብሮ የሚሄደው ትልቅ ሰው ይከተላል እንጂ መንገድ አያሳይም።

ርእሰ መምህርቷ በየዓመቱ አዳራሹ ውስጥ ቆማ ትጠይቃለች። «ጉዞ ላይ ትልቅ ሰው ምንድን ነው?»

«ሻንጣ!»

«ሻንጣ ያወራል?»

«አያወራም!» ይላሉ ልጆቹ፣ ጣሪያው ሊነሣ እስኪደርስ።

ኦዴላ ለተጓዦቹ የለውዝ ቅቤ ሳንድዊች ስትጠቀልል፣ በር ላይ ቆማ እጇን ስታውለበልብ ነው የኖረችው። እንግዲህ አንድ ጥቅምት ከአጃቢዎቹ እናቶች የአንዷ ቁርጭምጭሚት ወለም አለና ሰው ጠፋ። ልጆቹ ባንድ ድምፅ «ሚስ ኦዴላ!» አሉ።

አብራት ዕቃ የምታጥበው ሴት በሳቅ ሞተች። «አንቺ? ተኝተሽም እኮ ታወሪያለሽ!»

መምህሩ ሚስተር ፋርሊ ግን አልሳቀም። «ሚስ ኦዴላ፣ ሕጉን ያውቁታል። በዚህ በፒትስበርግ ጉዞ አንዴ መንገድ ካሳዩ የሚያዝያው ጉዞ ቀረብዎት።»

የሚያዝያው ጉዞ ወደ ባሕር ነው። ስድሳ አንድ ዓመት ኖራ ባሕር አላየችም። ነፍሱን ይማረውና ባሏ፣ «ይሄ ሁሉ ሐይቅ ደጅሽ ተኝቶ አይበቃሽም?» ይላት ነበር። አልበቃትም።

«ሻንጣ ነኝ» አለች። «ያውም የተቆለፈ።»

ፒትስበርግ ሲደርሱ የዕለቱ መሪ ጃኒያ ሆነች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ መነጽሯ ፊቷን የሚያክል፣ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ። የዳይኖሰር አጥንት ያለበት ሙዚየም ልትወስዳቸው ነው። ካርታውን ዘረጋች፣ አየች፣ አውቶቡስ መረጠች፣ ተሳፈሩ።

ኦዴላ ደግሞ ተወልዳ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ያደገችው እዚያው ፒትስበርግ ነው። አውቶቡሱ ወደ ድልድዩ ሲታጠፍ ሙዚየሙ በዚያ እንዳልሆነ ወዲያው ገባት። ምላሷን አሳከካት። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ሳንድዊቿን ጎረሰች። የለውዝ ቅቤ አፍ ማጣበቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀማት።

ማርኬል የሚባለው ቀልደኛ ዞረ። «ሚስ ኦዴላ፣ ትክክል ከሄድን አንዴ ብቻ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

እሷ ዓይኗን በለጠጠችው። እንባዋ እስኪወርድ አልጨፈነችም።

«አየኋቸው፣ ሊጨፍኑ ነበር!»

«ሻንጣ ዓይን የለውም፣ ተዋቸው አንተ!»

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወረዱና ዳገቱን ተያያዙት። ቤት ነው፣ አጥር ነው፣ የሚጮህ ውሻ ነው። ሙዚየም የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ወጡ።

«እግሬ አለቀ!» አለ አንዱ ልጅ።

«ታዲያ ቀስ በል፣ ዳይኖሰሩ እንደሆን አይሮጥብህ።»

ሁሉም ሳቁ፣ ከጃኒያ በቀር። የእሷ እንባ ካርታው ላይ ጠብ አለ። ኦዴላ «ልጄ፣ ወንዙን ተሻግረሻል» ብትል በቃ፣ ልጅቷ ትድናለች፤ ባሕሩ ግን ቀረ። ሚስተር ፋርሊን አየችው፤ እሱም ከንፈሩን ነክሶ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ድንገት ኦዴላ መንገዱ ዳር ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

ማርኬል እጇን ጎተተ። ሦስት ሆነው ጎተቱ። ወይ ፍንክች!

«ሻንጣው ከበደ! አልነሣም አለ!»

ሳቁ መንደሩን ሞላው። ጃኒያም በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። መሄድ ካልተቻለ ምን ይደረጋል? ካርታውን ኦዴላ ጭን ላይ ዘረጋችና ወደ ኋላ ዞራ ቁልቁል ከተማውን አየች።

«ቆይ... ወንዙ ከኋላችን ነው። እዚህ ላይ ግን ከፊታችን ነው የሚያሳየው።» ካርታውን አዞረችው። «ገልብጬው ነው! ገልብጬ ይዤው ነበር እኮ!» ያቺ ድምፅ የሌላት ልጅ እንዲህ ስትጮህ ውሻው ራሱ ዝም አለ።

ኦዴላ ያኔ ከመቀመጫዋ ብድግ። ጃኒያ ከካርታው ላይ አቋራጭ አገኘች፤ ገደሉን በገመድ ተይዞ የሚወርድ አሮጌ ፉርጎ። ሁሉም እሪ እያሉ ወረዱ፤ ኦዴላም እሪ አለች። እሪታ ወሬ አይደለም። ድልድዩን መልሰው ተሻግረው አጥንቱ ጋ ሲደርሱ ሙዚየሙ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ እየሮጡ አዩት።

ወደ ቤት ከመሳፈራቸው በፊት ለትልልቆቹ ውጤት የሚሰጠው የዕለቱ መሪ ነው። ሚስተር ፋርሊ ጉሮሮውን ጠረገ። «መቀመጥ መንገድ ማሳየት ነው ወይስ አይደለም? ፍርዱ የጃኒያ ነው። ሚስ ኦዴላ፣ አሁን መናገር ይችላሉ።»

ጃኒያ ከመነጽሯ በላይ አየቻት። «ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከየት ጀምሮ?»

«ከድልድዩ ጀምሮ።»

«ከድልድዩ ጀምሮ! ያንን ሁሉ ዳገት አስወጥተውኝ?»

«የእኔስ ጉልበት? ዳገቱን የወጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?»

ልጆቹ ተንከተከቱ። ጃኒያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እርሳሷን አነሣች። «መንገዱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። እሳቸው የተቀመጡት ብቻ ነው» አለችና ጻፈች። «ባሕር ይሄዳሉ።»

ኦዴላ ልጅቷን አቅፋ ከመሬት አነሣቻት። ከዚያ አፏ ተከፈተ። ስለ ድልድዩ፣ ስለዚያ ዳገት፣ ስለ ተወለደችበት ቤት፣ ስለ ጎረቤቶቻቸው። ከፒትስበርግ ክሊቭላንድ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲቆሙ ግማሾቹ ልጆች አንቀላፍተዋል፣ ሚስተር ፋርሊ ጆሮውን ይዟል፤ እሷ ግን ከታሪኳ ገና ሰባት ዓመቷ ላይ ነበረች።