ካሚቻችሁን ለሞተራችን

«ንዳው! ንዳው እንጂ ወንድሜ፣ ምነው የለቅሶ መንገድ አስመሰልኸው!»

አምሳል ከኋላ ሆና የባጃጁን ወንበር ትደበድባለች። ሄልሜቷ ጭኗ ላይ ነው፤ እጇ እስከ ክርኗ ዘይት ነክቷል። አሁን፣ ከሩብ ሰዓት በፊት፣ ጎንደር ማራኪ ሜዳ ላይ የውድድሩ ሞተሮች ሲለኩ ነበር። ለኪው አቶ አምሐ የሷን ሞተር ጭንቅላት አስከፈቱ፣ መለኪያቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና «መቶ ሃምሳ አራት። አራት ሲሲ ይበልጣል። አትገቢም» አሏት። በቃ። ሳይቆጡ፣ ሳያዝኑ፣ የሰፈር ስም እንደሚነግሩ ሰው።

ልኬቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ውድድሩ ነገ ጠዋት ይነሣል። ሞተሯ እንደታረደ በግ ሆዷ ተከፍቶ ሜዳ ላይ ተኝታለች።

አምሳል የከብት አካሚ ናት። ከማክሰኝት እስከ ጠዳ ባለው ገጠር ሁሉ ክትባትና መርፌዋን ከሞተሩ ኋላ አስራ ስትዞር ስንት ክረምት ሆኗታል። ውሻው ለምዷት አይጮህባትም። በሬው ግን የሞተሯን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ አጥር ይዘላል፤ መርፌውን ያውቀዋላ! ዘንድሮ ውድድሩ ደባርቅ ወጥቶ፣ ሊማሊሞን ወርዶ ተመልሶ ደባርቅ ያድርና፣ በማግሥቱ በጎንደር በጠዳ አድርጎ ማክሰኝት ገበያ ላይ ያልቃል ሲባል ስትሰማ ማሰብ እንኳ አላስፈለጋት። ያ ገበያ የሷ ነው። «በራሴ ሞተር እገባለሁ» ብላ ላገኘችው ሁሉ ተናገረች። ተናግራ ጨርሳ እኮ ነው አሁን «አትገቢም» የተባለችው! አሁን ማክሰኝት በምን ፊቷ ትገባለች?

መለካቱስ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። መጀመሪያው ዓመት የሞተር መጠን ገደብ አልነበረውም። አንድ ፋብሪካ አራት መቶ ሃምሳ ሲሲ የሚባል አውሬ ይዞ መጣ፤ ሌላው ሰው ገና አምባ ጊዮርጊስን ሳያልፍ የነሱ ሰው ደባርቅ ላይ ምሳውን በልቶ እጁን ታጥቦ ነበር። በዓመቱ በራሱ ሞተር የሚመዘገብ ሰው ጠፋ። ማን ሊያፍር ይሄዳል? ስለዚህ ገደብ ወጣ፤ ከመቶ ሃምሳ ሲሲ የማይበልጥ፣ ማንም ገበያ ወጥቶ የሚገዛው ሞተር ብቻ። ፋብሪካዎቹ አኩርፈው ቀሩ። ዘንድሮ «ጭላት» የሚባለው ፋብሪካ ብቻ እሽ ብሎ በትንሹ ሞተር መጣ። የአምሳልም ሞተር ጭላት ነች፤ አሮጊቷ ጭላት።

አዘዞ ህሩይ ጋራዥ በር ላይ ባጃጁ ሳይቆም ወረደች። ህሩይ ሞተሯን ከገዛች ጀምሮ የሚሠራላት መካኒክ ነው።

«ህሩይ! ምን አድርገህብኝ ነው? አራት ሲሲ በለጠ አሉኝ!»

ህሩይ የያዘውን ቁልፍ አስቀመጠ። አሰበ፣ አሰበና ፊቱ ልውጥ አለ። «ሬክቲፊካ» አለ ቀስ ብሎ።

ሬክቲፊካ ማለት ይኸ ነው፤ ፒስተኑ የሚመላለስበት ካሚቻ የሚባለው የብረት እጅጌ በአገልግሎት ሲበላ ውስጡን ትንሽ ይፍቁትና ወፈር ያለ ፒስተን ይከቱበታል። የአምሳልን ሁለት ጊዜ ፍቀዋታል። በተፋቀች ቁጥር ሰፍታለች።

«ሬክቲፊካ ተደርጎ ሞተር ታደሰ ሲባል እንጂ አደገ ሲባል ሰምቼ አላውቅም!»

«እኔስ አውቃለሁ፤ የሚለካ ሰው ይመጣል ብዬ መች አሰብሁ?»

«እንግዲያው ያልተፋቀ ካሚቻ ፈልግልኝ!»

«ጎንደር ላይ ያልተፋቀ ሞተር?» ህሩይ ሳይፈልግ ሳቀ። «ያልተጠመቀ ክርስቲያን ፈልግልኝ ብትይኝ ይቀለኛል። አዲስ ካሚቻ ያለው እዚያው ማራኪ፣ የፋብሪካው መኪና ላይ ነው።»

«እነሱማ ለራሳቸው ነጂ ነው ያመጡት።»

ጋራዡ በር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተደርድረው ሻይ ይጠጣሉ። ሊሸኟት ጠዋት ከማክሰኝት የመጡ ናቸው፤ አያ አስናቀው፣ በሬያቸውን ከሞት ያተረፈችላቸው ገበሬ፤ የኔታ ወልደኢየሱስ፣ የደብሩ የቅኔ መምህር፤ አያ ዳኛው ደግሞ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ያለ፣ ጉልበታቸውም እንደዚያው።

አያ አስናቀው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ምነው ልጄ፣ ከለከሉሽ? እና ሽማግሌ አልተላከባቸውም?»

«አያ፣ በመለኪያ የሚለካ ነገር ነው እኮ። በሽማግሌ አይሆንም።»

«የሰው ደም በሽማግሌ ይበርዳል። ስንት ምኑን ነው የበለጠው ያልሽኝ?»

«አራት ሲሲ።»

«አራት ሲሲ ነው ሽማግሌን እንቢ የሚል? ተነሡ የኔታ!»

«ወዴት ነው?» አሉ አያ ዳኛው።

«ሽምግልና!»

«ማን ሊያገባ?»

መልስ ሳይጠብቁ ባጃጅ ውስጥ ከተቷቸው። ህሩይ የመፍቻ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከነጂው ጎን ተለጠፈ። ስድስት ሰው፣ ሦስት ጋቢ፣ ሦስት ዘንግ! ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣው።

መጀመሪያ አቶ አምሐ ፊት ቆሙ። አቶ አምሐ ሽማግሌ አክባሪ ናቸው፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ግን «አባቶቼ፣ ሲሲ በምልጃ አይቀንስም፤ ብረት ጆሮ የለውም» አሉ። «በሰዓቱ ሌላ ካሚቻ አድርጋ ካመጣች ግን እለካላታለሁ።»

«እንግዲያውስ ካሚቻ ያለው የት ነው?» አሉ የኔታ።

አምሳል በአገጯ አሳየቻቸው። የጭላት ፋብሪካ ድንኳን። የፋብሪካውን ቡድን የምትመራው ሕሊና የምትባል መነጽራም ወጣት ናት፤ ሦስት ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ፊቷ ሲሰለፉ ብድግ አለች።

«እንዴ! እናቴ ናት የላከቻችሁ?»

ድንኳኑ ሳቀ። ሕሊና ቀላች። «ተቀመጡ አባቶቼ፣ ተቀመጡ።»

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አያ አስናቀው። ልማዱ ነው፤ ሽማግሌ ልመናው ሳይሰማ ከተቀመጠ ልመናው ወደቀ ማለት ነው።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችሁን ለልጃችን ልንል መጥተን ቢሆን ደስ ባለን። የዛሬው ግን፣» አሉና አንዴ ወደ አምሳል፣ አንዴ ወደ ተከፈተችው ሞተር አዩ፣ «ካሚቻችሁን ለሞተራችን ነው።»

አሁን ሜዳው በሙሉ ነው የሳቀው። ሕሊናም ሳቀች፤ ግን ራሷን ነቀነቀች። «አባቶቼ፣ ያመጣነው ትርፍ ካሚቻ አንድ ነው። ለኛ ነጂ ለወንድምአገኝ ነው። እሱ መንገድ ላይ ቢያቃጥልብኝስ?»

ወንድምአገኝ አዲስ ሞተሩ ላይ ተንጋሎ ነበር። «እንዳትሰጭ! ሐኪሟ ሞተሯን ክትባት ትስጣት!»

አያ አስናቀው ዞረው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ጎበዝ ነጂ ነህ ይሉሃል፤ እውነት ነው?»

«ታዲያስ!»

«ጎበዝ ነጂ ሞተር ያቃጥላል እንዴ?»

«እኔ? በሕይወቴ አቃጥዬ አላውቅም!»

«ይኸው» አሉ አያ አስናቀው ወደ ሕሊና ተመልሰው። «ከራሱ አፍ።»

ወንድምአገኝ ከሞተሩ ላይ ዘልሎ ወረደ። ሕሊና አንድ ጊዜ ትርፍ ዕቃ ወደ ጫነው መኪና፣ አንድ ጊዜ ወደ አሮጊቷ ጭላት አየች። ይቺ የገጠር ሞተር ደባርቅ ደርሳ ከተመለሰች ለፋብሪካው ምን ማለት እንደሆነ ሳታሰላ አልቀረችም። ግን መጨረሻ ላይ የረቷት አያ ዳኛው ናቸው።

«ልጄ፣ እሽ በይንና ልቀመጥ። ጉልበቴ አለቀ።»

«እሽ» አለች ሕሊና። «እሽ! ይቀመጡ አባቴ!»

አያ ዳኛው ተቀመጡ። አያ አስናቀው ግን ካሚቻው ከነፒስተኑ ከመኪናው ወርዶ በዓይናቸው እስኪያዩት ድረስ አልተቀመጡም።

ህሩይ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ ሠርቶ አያውቅም። አቶ አምሐ መለኪያቸውን አስገቡ፣ መነጽራቸውን ሰቀሉ። «መቶ አርባ ዘጠኝ። ግቢ።» እልልታው ማራኪን አናወጠው። ህሩይ ግን ጆሮዋ ስር መጥቶ «አዲስ ነው፤ ገና አልተላመደም። እንዳትገርፊያት። እርጉዝ ላም እንደምትነጂ ንጂያት» አላት።

እርጉዝ ላም መንዳት ለአምሳል ማን ያስተምራታል! በማግሥቱ ሁሉም ጎንደርን አቧራ አልብሶ ሲፈተለክ እሷ ከኋላ እየዘመረች ወጣች። ዳባት ላይ ሕፃናት «ሩጭ!» እያሉ ጮሁባት፤ እጇን አውለበለበችላቸው። አየሩ ሸጋ ነው፣ ገብሱ አሽቷል፣ ሞተሯም እንደ ጠገበች ድመት ታንጎራጉራለች። ሊማሊሞን ወርዳ ስትመለስ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየች። ወንድምአገኝ ነው። ሞተሩ ይጨሳል።

አቆመች። «ለአያ አስናቀው እንዳትነግሪ» አለ።

በሬ የምትጥልበትን መጫኛ ከሞተሯ ኋላ ፈትታ አሰረችውና ቀስ እያለች ደባርቅ ድረስ ጎተተችው። ሳቋን ውጣ ነበር፤ ግን ደባርቅ ሲቃረብ ሳቋ ጠፋ። ወንድምአገኝን የሚያድነው ካሚቻ በሷ ሞተር ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ሕሊና መልሺልኝ ብትልስ? ማክሰኝትስ? ሕሊና የተቃጠለውን ሞተር ጎንበስ ብላ ስታይ አምሳል አልቻለችም።

«ያንችው ነው። ውሰጅው» አለች።

ሕሊና ቀና አለች። «ሽማግሌ ፊት የሰጠሁትን? ነገ እነ አያ አስናቀው ማክሰኝት ላይ ቆመው ይጠብቁኛል እኮ! ተይኝ እባክሽ!» ዞር ብላም «ወንድምአገኝ! ነገ መኪና ላይ ነህ። ጎበዝ ነጂ!» አለችው።

በማግሥቱ ሞተሯ ተላምዳ ነበር። አምሳል ከደባርቅ ጀምራ ለቀቀቻት። አንዱን ዳባት ላይ፣ ሁለቱን አምባ ጊዮርጊስ ላይ አለፈች፤ አዘዞ ላይ ህሩይ መፍቻውን ወደ ሰማይ እየወረወረ ይዘላል፤ ጠዳን እንዴት እንዳለፈችው ራሷም አታውቅ። ማክሰኝት ስትገባ ከፊቷ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ገበያው፣ ሰዉ፣ መጨረሻው መስመር ፊቷ ወለል ብሎ ይታያል።

«አምሳልዬ! አምሳልዬ! ጥጃዬ ሆዱ ተነፋብኝ!»

ደንበኛዋ ይመኙሽ ናት፤ የጥጃዋን ገመድ ይዛ ከመንገዱ ዳር። ይመኙሽ ይህን ሞተር ስታይ እጇን ዘርግታ ታስቆማለች፤ ሌላ አታውቅም። አምሳልም እጅ ሲዘረጋ ታቆማለች፤ ሌላ አታውቅም። ሳታስበው ፍሬን ያዘች። ወረደች። ከነሄልሜቷ የጥጃውን ግራ ጎን ጫን ጫን አደረገች።

«አልተነፋም ይመኙሽ። ጠግቦ ነው!»

ሁለት ሞተሮች ቩው ብለው አለፏት። ያኔ ነው የት እንዳለች ትዝ ያላት። ገበያው በአንድ አፍ «ሂጅ! ኧረ ሂጅ!» ይላል፤ አያ አስናቀው ዘንጋቸውን እያወናጨፉ ይሮጣሉ፤ የፋብሪካው መኪና ላይ የቆመው ወንድምአገኝ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኻል። ሞተሯ ላይ ዘልላ ወጣችና መስመሩን አለፈች። ሰዉ ከነሞተሯ አነሣት። ስንተኛ ወጣሽ ብሎ የጠየቃት የለም፤ «በራሷ ሞተር!» ነው የሚሉት፣ «በራሷ ሞተር!»

ግርግሩ በረድ ሲል ሕሊና ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ መጣች።

«ስሚኝ። ፋብሪካዎቹ ለከርሞ ገደቡ ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ ከፍ ይበልልን እያሉ ነው። ከተፈቀደ እኛም ትልቁን ሞተር ይዘን እንመጣለን። አንች እንድትነጂልን እፈልጋለሁ። ልምምዱ አዲስ አበባ ነው፤ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።»

አምሳል ሄልሜቷን አወለቀች።

«በሬዎቻችንስ?» አሉ አያ አስናቀው።

«ይቺን ከፈለገች እሷም ሽማግሌ ትላክ!» አሉ አያ ዳኛው፤ የዛሬውን ሳይነገራቸው ሰምተዋል። ሰዉ ሳቀ፣ ሕሊናም «እልካለሁ!» አለች።

አምሳል እጇን ሞተሯ ላይ ጣል አደረገች። ገና ትፋጃለች። ወዲያ ማዶ ይመኙሽ የጠገበ ጥጃዋን እየጎተተች ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ትልቁ ሞተር ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሞከረች፣ አልመጣላትም። እነዚህን መንገዶች ትታ መሄድንም ለማሰብ ሞከረች፣ እሱም አልመጣላትም።

«እንጃ» አለች።

እውነቷን ነው። አታውቅም።