እሑድ ለምሳ ያሰብኩት ዓሣ

ጎረቤቴን እትዬ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው በመንግሥት ሥራ ተዛውረው ወደ ከሚሴ ሲመጡ አብረው መጡ፤ ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው ተበትነውም እሳቸው ከአጥሬ ማዶ ቀሩ። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ ሠላሳ ዓመት ሐዘንና ደስታችን አንድ ነበር፣ ሥጋችን ግን ሁለት። ልጄን ስድር ለእሳቸውና ለመሰሎቻቸው ክርስቲያን አራጅ ጠርቼ፣ ድስቱን ለይቼ፣ በሌላ ዳስ አስተናግጃለሁ። እሳቸውም በፋሲካ ለእኛ ሲሉ በእስላም ያሳርዳሉ። ጓሮዬን ቆፍሬ ኩሬ ሠርቼ ቆሮሶ የሚባለውን ባለ ቅርፊት ዓሣ የለቀቅሁበት ቀን ግን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ዓሣ አራጅ አይፈልግ! ይኼንንስ ከአንድ ትሪ እንበላዋለን» አሉኝ።

ዘንድሮ ጉልበታቸው ከዳቸውና ልጃቸው ደብረ ብርሃን ልትወስዳቸው ቀን ቆረጠች። ማክሰኞ ይሄዳሉ። እሑድ ምሳ እኔ ቤት፣ ዓሣው ከአንድ ትሪ ብዬ ማልኩ።

ችግሩ ኩሬው ነው። ዓምና ቦርከና ወንዝ ዳር አንድ ሰውዬ በባልዲ ትንንሽ ዓሣ ይዞ አገኘሁና ገዝቼ፣ ይብዙልኝ ብዬ ከእኔዎቹ ጋር ደባለቅኳቸው። ዓሣ ዓሣ ነው ብዬ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሰሞኑን ፉርሽካ ስበትን ብቅ ያለው አፍ ረጅም ጺም አለው። አምባዛ ነው። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት ስለሌለው እትዬ በሃይማኖታቸው አይቀምሱትም። ስለዚህ አምባዛውን ለቅሜ ቆሮሶውን ላስቀር ቅዳሜ ጠዋት ገባሁበት።

ውሃውን በሞተር ወደ ሽንኩርቱ ለቅቄ እስከ ጉልበቴ አጎደልኩት። መረብ ከየት ይመጣል? የወባ አጎበራችንን ሁለት እንጨት ላይ አሰርኩ። ባለቤቴ «ወባው ለአንተ ይሁን» እያለች አንዱን ጫፍ ያዘች። በመጀመሪያው ጉተታ እንደ ክንዴ የሚረዝም አምባዛ ወጣ። ሁለተኛውም አምባዛ። ሦስተኛው ከአጎበሩ አመለጠና በደረቁ መሬት፣ በክንፉ እየተገፋ፣ ወላሂ ወደ ቤቴ ተራመደ። ባለቤቴ «ማል ታቴ! ምን ሆነህ ነው የምትፈዘው? ያዘው!» ትላለች፤ እኔ ውሃው ውስጥ ደርቄ ቀርቻለሁ። ሰባት አወጣን። ከዳር ዳር ደጋግመን ብንጎትት ቆሮሶ አንድ እንኳ የለም። የትልቁን ሆድ ስቀደው በቅርፊት ተሞልቷል። ሱብሐነላህ! ዓመት ሙሉ ስቀልብ የኖርኩት ሌባውን ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሳስበው ዛሬም እደነግጣለሁ። ቆዳውን ገፈፍኩ፤ ጭንቅላቱን ጓሮ ቀበርኩ፤ ሥጋውን ቆራረጥኩና «ጥበሺው፤ በምን ያውቃሉ?» አልኩ።

ባለቤቴ ቢላዋውን ከእጄ ነጠቀችኝ። «እሳቸው ሳይነግሩህ የክርስቲያን ሥጋ ቢያበሉህስ?» አለች። ጮኽኩባት። እያጉረመረመች ጠበሰችው።

እሑድ እትዬ ነጭ ለብሰው በምርኩዝ መጡ። አስታጠብኳቸው። ሠላሳ ዓመት በጠበቅነው ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። እሳቸው አማተቡ። እኔም ቢስሚላህ አልኩ። እትዬ ከዓሣው ቆርሰው፣ በእንጀራ ጠቅልለው ወደ አፋቸው ሲያነሱ እጃቸውን ያዝኩ። በጎረቤትነት ዘመናችን ሁሉ እጃቸውን ይዤ አላውቅም።

«ተዉት አንቱ፤ አምባዛ ነው» አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ ጉርሻውን አላስቀመጡም። «አውቃለሁ» አሉ። «ድመቴ ትናንት ጭንቅላቱን ከነጺሙ እየጎተተች ደጄ አምጥታዋለች።»

ባለቤቴ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔም «ታዲያ አውቀው ነው የመጡት?» አልኩ።

«ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፤ ስገጂ ይሉኛል፣ እሰግዳለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። አንድ ቀን እንኳ አብሬህ ሳልበላ ልሂድ?»

እንባዬ መጣ። እጃቸውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልለቀው አልቻልኩም፤ ብለቀው ጉርሻውን ይበሉታል።