እናቴ ዓሣ ያጠመደችበት ቀን

እናቴ ውሸታም አትወድም ነበር። በእሷ ግምት ደግሞ ከጉለሌ ውሸታሞች ሁሉ የባሰው፣ እኔን ሊያገባ የሚፈልገው የጎሚስታ ቤቱ ልጅ ነበር።

ዝዋይ መወለዱን አልጠላችውም። የጠላችው ስለ ዝዋይ ማውራቱን ነው። እጁ በግራሶ ጠቁሮ፣ ጎማ እየለጠፈ፣ ሰው የሚያህል ዓሣ ከሐይቅ እንዴት እንዳወጣ ሲተርክ መንገደኛው ሁሉ ይቆምለታል። እኔም የቆምኩት እንደዚያ ነው፤ ቆሜም ቀረሁ። እናቴ ግን አንድ ቀን ከቁስቋም ስትመለስ ሰምታው ኖሮ፣ ቤት ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጀመረችኝ።

«ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም! ሰው የሚያህል ዓሣ? ለጎማ ደንበኛ እንዲህ የዋሸ ለሚስቱ ምን ሊላት ነው? ልጄን ለምላስ አልሰጥም።»

«እማዬ፣ እውነት ቢሆንስ?»

«ያሳየኛ!»

ይህን «ያሳየኛ» ሳደርስለት እሱ ፊቱ በራ። እኔ ግን ፈራሁ። ሐይቅ እንደ ሱቅ አይደለም፤ የፈለጉትን ቀን ሄደው የፈለጉትን አይዙበትም። ዓሣው የቀረ እንደሆነ የእኛም ነገር እዚያው ይቀራል።

ዝዋይ ልንሄድ የተቆረጠው ቅዳሜ የቀበሌ የጽዳት ዘመቻ ያለበት ሆነ። ያን ጊዜ ከዘመቻ መቅረት ያስጠይቃል። ውሸት የማትወደው እናቴ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄዳ «ዝዋይ ለቅሶ አለብኝ» አለችው፤ እንዲያምናትም ጥቁር ለብሳ ወጣች። አውቶብስ ውስጥ «ይሄስ ውሸት አይደለም?» ብላት፣ «ዝዋይን በሚያህል ከተማ ለቅሶ አይጠፋም» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጭኗ ላይ በኩፖን ያገኘችውን ስኳር ቋጥራ ይዛለች። ልጁን ብትጠላውም አባቱ ዘንድ ባዶ እጇን አትሄድም።

አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቁ ላይ የኖሩ አጥማጅ ናቸው። ስኳሩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጀልባቸውን ለእኛና ለልጃቸው ለቀቁ፤ እሳቸው ዳር ሆነው ሊጠብቁን ቀሩ። እናቴ ከመሳፈሯ በፊት ከእንጦጦ ማርያም ያመጣችውን ጸበል ከብልቃጥ እያንጠባጠበች ጀልባውን ረጨች፣ መቅዘፊያውን ረጨች፣ እኔንና እሱን ረጨች። ባልዲ ውስጥ የሚዋኙት ትንንሽ የቆሮሶ ዓሣዎችም ደረሳቸው።

«እነዚህስ ምንድን ናቸው?» አለች።

«ማጥመጃ ናቸው፣ እማማ። ትልቁ ዓሣ የሞተ አይወድም። የሚንቀሳቀስ ካላየ አይመጣም።»

«በቁማቸው ልትወጋቸው? ምነው ጸበሉን ሳልረጭባቸው በነገርከኝ!»

መሃል ከገባን በኋላ አንዷን ቆሮሶ በእርጥብ እጁ ያዘ። ጀርባዋን ከላይ ብቻ፣ አጥንቷን ሳይነካ፣ በመንጠቆው ወጋትና ቀስ ብሎ ውሃው ውስጥ ለቀቃት። እሷም ምንም እንዳልሆነች ሁሉ መዋኘት ጀመረች። እናቴ በነጠላዋ ዓይኗን ሸፈነች፤ አንዱን ዓይኗን ግን አልሸፈነችውም።

ጠበቅን። መንጠቆው ወጣ፤ ባዶ ነው። ሌላ ቆሮሶ ገባች፤ እሷም ተበላች። እናቴ ፀሐዩ በጥቁር ልብሷ ላይ ሲበረታባት ንግግሯም በረታ።

«ሰው የሚያህለው መጥቶ ምሳውን በልቶ ሄደ ማለት ነው? አምጣ እስቲ! አንተ አፍ እንጂ እጅ የለህም።»

ገመዱን ነጠቀችው። እሱ ሳይቆጣ መዳፏ እንዳይቆረጥ ጨርቅ ጠመጠመላትና «ሲነካዎት ወዲያው አይሳቡ፤ እስኪውጠው ይታገሡት» አላት። እናቴ መታገሥ የት ታውቅና! እያልኩ ሳለሁ ገመዱ ተወጠረ።

«ያዘኝ! ልጄን፣ ያዘኝ!»

ጀልባው ወደ እሷ አዘመመ። እሱ ተንደርድሮ መቀነቷን ያዘ፣ እኔ እሱን ያዝኩ። እናቴ የምታውቀውን ታቦት ሁሉ እየጠራች ጎተተች። ገመዱን አልለቀቀችም፤ ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ በክርኗ መለሰችው። በመጨረሻ አንድ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ራሱ ሰፊ፣ ጢማም ዓሣ እግራችን ሥር ተዘረረ። ቢያቆሙት ከወገቧ ያልፋል። እናቴ ልብሷ በስብሶ፣ ሻሿ ወልቆ፣ እስክታነባ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

«ሰው ያህላል! እውነቱን ኖሯል!» አለች። «ነገ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ አበላለሁ። ይዩልኝ!»

በቃ፣ ተዳርኩ አልኩ በልቤ። ቀና ስል ግን እሱ አይስቅም።

«እማማ፣ ይሄ አምባዛ ነው።»

«ይሁና! ስሙ ምን ቸገረኝ?»

እግሩን ረገጥኩት። አየኝ። ከዚያ እሷን አየ።

«ቅርፊት የለውም፣ እማማ። ይዳስሱት። ቅርፊት የሌለው ዓሣ በእኛ ሃይማኖት አይበላም። እኔ የጠበቅኩት ሌላ ነበር፤ ይሄ መጣ።»

ዓሣን ተጠብሶ ሲቀርብ ብቻ የምታውቀው እናቴ መዳፏን ከራሱ እስከ ጭራው አሳለፈች። ሳቋ ቆመ። ገፍትሬ ውሃ ውስጥ ልጨምረው ምንም አልቀረኝ። ዝም ቢል ምን ነበረበት? ተገፍፎ ከተጠበሰ በኋላ ቅርፊት ነበረው አልነበረው ብሎ ማን ይጠይቃል?

«ዝም ብትለኝስ ኖሮ?» አለችው።

«ጎረቤትዎን ሁሉ ያበሉት ነበራ።»

«ታዲያ ክንዴ ሳይገነጠል አትናገርም?»

«ውሃ ውስጥ እያለ አይታይማ፣ እማማ።»

«መልሰው» አለች። አምባዛው ፊታችንን ውሃ አልብሶ ወደ ታች ሄደ። እሷ የሄደበትን ቦታ ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች። እሱ ወደ ዳር ቀዘፈ። እኔ በሆዴ ቤት ስገባ የሚጠብቀኝን ስብከት እያዳመጥኩ ነበር።

አባቱ ጀልባውን ይዘው እናቴን ደግፈው አወረዷትና «እንዴት ነበር?» አሏት።

እናቴ ጨርቁን ከመዳፏ ፈታ ለልጁ ሰጠችው። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ልጅዎ ሰው የሚያህል ዓሣ አስያዘኝ፤ መልሶም አስጣለኝ። በሉ፣ ሽማግሌ ይላኩ።»

እኔ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ታዲያ» አለች፣ «ቅርፊት ያለው ይዘው ይምጡ።»