ሉዌላ ያስወጣችው ሕግ

ጎረቤቴ ሉዌላ ሃስኬት መንግሥት የሚባል ነገር ዓይኑን ማየት አትወድም። የግብር ሰው በደጇ ካለፈ ውሻዋን አታስርም። እንግዲህ ይህችው ሴትዮ ናት አንድ ማለዳ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ «ሕግ አውጡልኝ» ልትል ከመንደራችን ከታርዊድ ፍላት የግዛቱ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ድረስ የወረደችው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ኦሪን በሰደድ እሳት ላይ ውሃ የሚደፋ አውሮፕላን አብራሪ ነበር፤ ጭስ ውስጥ ገብቶ ከተራራ ጋር ተላተመ። አንድ ልጇ ዌይድ ደግሞ አባቱን ቀብሮ፣ ሲያድግ የአባቱን ሥራ ያዘ። ለመነችው፣ አለቀሰች፣ ረገመችው፤ እሱ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ሰው ሳይቀመጥበት ብቻውን በርሮ ውሃ የሚደፋ ሄሊኮፕተር ተሠራ ሲባል በሰማች ቀን በዚያ ዕድሜዋ እንደ ልጃገረድ ነው የዘለለችው።

የግዛቱ ምክር ቤት ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው። ሉዌላ አንዱን ደቂቃ «ወንበራችሁ ይቆረቁራል» እያለች ስትነጫነጭ ፈጀችው። በቀረው «ብረቱ ይቃጠል፣ ልጄን ግን ተዉልኝ» አለችና ተቀመጠች። ሕጉ ወጣ። ሄሊኮፕተሩ ይገዛ አይል፣ አይገዛ አይል፤ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ይሞክረው፣ ይገምግመው፣ ከዚያ ለምክር ቤቱ ያሳውቅ ነው የሚለው። የኛ ሹሞች ማንኪያ ለመግዛትም ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ሉዌላ ግን ግምገማው ካለፈ ልጄ ከዚያ ከአብራሪ ወንበር ይወርዳል ብላ ከልቧ አመነች።

ሙከራው እኛው ሜዳ ላይ ሆነ፤ ሣሩ ጨርሶ ሳይደርቅ ተብሎ በግንቦት። መንደርተኛው መኪናውን ደርድሮ፣ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ቢራውን ከፍቶ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ተሰየመ። የእሳት አደጋ ሰዎች የጭራሮ ክምር ለኮሱ። ሰው አልባው ሄሊኮፕተር ተነሥቶ ከኩሬው ውሃ ቀዳና ወደ እሳቱ ዞረ። ሉዌላ አጠገቤ ቆማ እጄን ጨምቃ ይዛ ታለቅስ ነበር።

ከዚያ እጄን ለቀቀችና ከመኪናዋ አንድ ካርቶን አወጣች። ዌይድ ለገና የሰጣት ትንሽ ድሮን ናት። እሱ ያን ቀን ሥራ ስለነበረበት ከላይ ቀርጻ ልታሳየው ፈልጋ ነው። እዚህ አገር እሳት ባለበት ድሮን ማስነሣት ነውር ብቻ ሳይሆን ወንጀል ነው፤ አንዲት ባዕድ ድሮን ከታየች እንዳይጋጭ ተብሎ በሰማይ ያለው እሳት አጥፊ አውሮፕላን ሁሉ ይወርዳል። ይህንን ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ የመንደሩን ጎረምሶች ድሮን በዱላ የሰባበረች ሴት ናት።

«ሉ፣ አበድሽ እንዴ?» አልኳት።

«ዝም በል አንተ። ክልከላው አብራሪው እንዳይሞት ነው። እዚያ ውስጥ ማን አለና ነው የሚሞተው?»

ይህን ብላ ድሮኗን ለቀቀቻት።

ድሮኗ ከዛፎቹ አናት ብቅ ከማለቷ የሙከራው ኃላፊ፣ አንዲት ኮስታራ ሴት፣ በሬዲዮዋ ጮኸች። ሄሊኮፕተሩ ውሃውን እንደያዘ ዞሮ ወረደና ቁጭ አለ። ነፋሱ ደግሞ የሉዌላን መጫወቻ ነጠቃት፤ እሷ አዝራሩን ስትጫን፣ ስትሳደብ፣ እንደገና ስትጫን እሳቱ ከክምሩ ወጥቶ ሣሩን ያዘ። ቢራ የጨበጠ ሁሉ ቢራውን ጥሎ አካፋ አነሣ። እስኪመሽ ድረስ ስንለፋ ቆይተን አጠፋነው። የተጎዳ ሰው የለም፣ የኔ አጥር ግን አመድ ሆነ።

ኃላፊዋ ፊቷ ጥላሸት ለብሶ ወደ ሉዌላ መጣች። ብትቆጣት በተሻለ ነበር። «ወይዘሮ ሃስኬት፣ ደንቡ ውስጡ ሰው አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም» አለቻት በቀስታ። ሙከራው እንዳልተደረገ ተቆጠረ። ደረቁ ወራት ስለገባ ሌላ እሳት መለኮስ አይፈቀድም፤ የሚቀጥለው ሙከራ ለከርሞ ሆነ።

ሉዌላ ከቤት መውጣት ተወች። መንደሩ «ሕጉን የወለደችውም እሷ፣ የቀበረችውም እሷ» እያለ ሳቀባት። እኔም በአጥሬ ተናድጄ ስለነበር መጀመሪያ ላይ አብሬ ሳቅሁ። ኋላ ሾርባ ይዤ ብሄድ በሩን አልከፈተችልኝም፤ ያኔ አንጀቴን በላችው።

ዌይድ ወደ እሳት ማጥፊያ ምድቡ ከመሄዱ በፊት ሊሰናበታት መጣ። አጥሬን እያቆምኩ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ከመኪናው ሳይወርድ ነበር በመስኮት የቀለደባት።

«እማ፣ እንጀራዬን ልታሳጪኝ ነበር፤ ደግነቱ መልሰሽ አዳንሽው።»

«እንጀራህን ነው ያዳንኩት» አለችው። «አንተን አይደለም።»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ወርዶ አቀፋት፤ እሷም ሙጭጭ አለችበት። ስልኩ ለእሳት ጥሪ ሲጮህ ግን ለቀቀችው።