ባለቤት የለውም ያልነው ዳር

ረቡዕ፣ ጎሕ ሲቀድ

ከመሸንቲ በላይ ካለችው መንደራችን የተነሣነው ሰውና ጉቶ በማይለይበት ሰዓት ነው። አባቴ በተዋስናት በቅሎ ላይ፣ እኔ በእግሬ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ወጣትነታቸውን በጣና ደሴት ገዳም በትምህርት አሳልፈውታል፤ ጉልምስናቸውን ባሕር ዳር ላይ አስተምረው ጨርሰውታል፤ እርጅናቸውን ደግሞ እኔ ቤት ይዘውት መጡ። ከጥምቀት ወዲህ እህል እምቢ አላቸው። አንድ ቀን ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ አፈሬ እዚያ ይሁንልኝ፣ ካስተማሩኝ አባቶች እግር ሥር» አሉኝ። ሬሳ ተሸክሞ ባሕር ከማቋረጥ በሕይወት ሳሉ ማድረስ ይሻላል አልሁ።

እኔ የበሬ ነጋዴ ነኝ፤ ቅኔም ትዕግሥትም አልወረስሁም። አባቴ በየዛፉ ሥር «እስቲ ትንሽ እንረፍ» ሲሉ በሆዴ አጉረመርማለሁ። ግን ሲወርዱ ደግፌ ሳወርዳቸው ክንዳቸው የሸንበቆ ያህል ቀልሎኝ አፌን እይዛለሁ።

ጣሊያን የሚያስጠርገው አዲሱ መንገድ ከአሮጌው ጋር እየተጋጨ ይሄዳል። ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች ጎንበስ ብለው አሉ፤ ቀና ብሎ ሰላም የሚል የለም። አንድ ካሚዮን አልፎ ነጭ አቧራ አለበሰን። አባቴ ነጠላቸውን እያራገፉ፣ «ይህ ሁሉ ጥድፊያ ወዴት ነው?» አሉ። 

ረቡዕ ረፋድ፣ መሸንቲ

ገበያው ሳስቷል። በሬ የለም፤ ያለውም ከሲታ ነው። በርበሬ፣ ኑግ፣ ጥቂት ማር፣ ብዙ ፍርሃት። የወረቀቱን ሊሬ ሰው በሁለት ጣቱ ነው የሚይዘው፤ የብር ማርትሬዛ ያለው ግን ከነልጁ ይከበራል።

ቆሎ የምትሸጥ ሴት አባቴን ታውቃቸው ኖሮ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

«የኔታ፣ ወዴት ነው በዚህ ድካምዎ?»

«ወደ ባሕሩ፤ ወደ ደሴቴ።»

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፣ መልሳም እሳቸውን። «ባሕሩ ዛሬ ይታያል እንጂ አይነካም ይላሉ እኮ» አለች።

አባቴ ሳቁ። «ባሕር እንዴት አይነካም? የእግዜር ውሃ!» ቆሎዋን በእፍኟ ሰጠችን፤ ዋጋውን አልቀበልም ብላ፣ በጸሎት እንዲያስቧት ብቻ ለመነች። አባቴ መንገዱን ሙሉ ያንኑ እያነሡ ፈገግ አሉ። እኔ ግን በቅሎዋን አፋጠንሁ።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ ባሕር ዳር

የባሕሩ ሽታ ሲመጣ አባቴ በቅሎዋ ላይ ቀና አሉ። በቅሎዋም ውሃ ሸትቷት ልጓሙን አስጥላኝ አባቴን እንደያዘች ወደ ታች ነጎደች። እየጮህሁ ተከተልሁ። ደርሼ ሳይ ቆማለች፤ ደረቷ እሾሃም ሽቦ ላይ ነው።

ሽቦው ከትልቁ ሾላ ተነሥቶ የታንኳው ሣር፣ ደንገል፣ እስከበቀለበት ረግረግ ድረስ ሄዷል። ከወዲያ ማዶ ለምለም ሣር፣ አንድ ኖራ የተቀባ ቆርቆሮ ቤት፣ መስኮቱ ዝግ፣ ውሃው ላይ የተዘረጋ የእንጨት መሳፈሪያ፣ አንዲት የጣሊያን ጀልባ፣ ከዚያ ባሕሩ። ከወዲህ ሰው። እንስራ ያዘሉ ሴቶች ሽቦውን ታከው ወደ ሩቁ መቅጃ ይሄዳሉ። ከብቶቹ አንገታቸውን ሰግገው ውሃውን እያዩ ያገሣሉ። ድሮ እዚህ ቦታ ላይ ታንኳ እንደ ነዶ ተደርድሮ ቆሞ ይታይ ነበር፤ ዓሣ ይዘረገፍ ነበር፤ ተሳላሚው «ማነህ ባለ ታንኳ!» እያለ ይጣራ ነበር። አሁን የሚሰማው የከብቱ ድምፅ ብቻ ነው።  አባቴን ከበቅሎዋ አወረድኋቸውና ደረቷ ላይ የተሰካውን ሽቦ መንቀል ያዝሁ።

ይማምን ፈልጌ አገኘሁት። ይማም ከባሕሩ ዳር እስላሞች አንዱ ነው፤ አባቱም አያቱም ታንኳ ሲሠሩና ሲቀዝፉ ኖሩ። ከኔ ስለሚበልጥ አያ ይማም እለዋለሁ። አባቴን ለዓመታት ወደ ደሴቱ ሲያመላልስ የኖረ እሱ ነው። ሲያያቸው ሮጦ እጃቸውን ሳመ፤ እጃቸውን እንደያዘ ግን አንገቱን ደፋ።

«አያ ይማም፣ ነገ ጠዋት ታሻግረናለህ» አልሁ።

«በምን?» አለኝ። «ታንኳዬ እየበሰበሰች ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስትውልበት ትከብዳለች፤ ማታ አውጥተህ አቁመህ ካላደረቅሃት ለሳምንት አትበቃህም። ማድረቂያዬ ያውና!» በአገጩ ወደ ለምለሙ ሣር ጠቆመ። «የመጀመሪያዋን ሽቦው ላይ ባስደግፋት የሰው ንብረት ነካህ ብለው አቃጠሏት። ሁለተኛዋ ረግረጉ ውስጥ ታስራ ውሃ እንደጠጣች አለች። አዲስ እንዳልሠራም ደንገሉ ተሰጥቶ መድረቅ አለበት። የት ላስጣው? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።»

አባቴ «ይማም፣ ማን ሸጠው ይህን ዳር?» አሉ።

 ይማም አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ሽቦውን አየ።

«ማንም አልሸጠው፣ የኔታ» አለ በመጨረሻ። «ያን ቀን አሳልፈን የሰጠነው እኛው ነን።»

ያን ቀን የሚለው አምና ነው። የጣሊያን ሹም ከአስተርጓሚው ጋር መጥቶ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ «ይህ ዳር የማን ነው? ባለቤቱ ይቅረብ» ብሎ ነበር። አባቴም ተጠርተው ከቤቴ ሄደዋል። ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ አሉ። በባሕሩ አገር ዳሩን «የኔ» ማለት ነውር ነው፤ የመጣ ይወርድበታል፣ የቀደመ ያደርቅበታል፣ የጠማው ይጠጣበታል፤ የኔ ያለውን ሰው ባሕሩ አንድ ቀን ይወስደዋል ይባላል። አባቴ መስቀል ይዘው፣ ይማም የአባቱን ቁርዓን ይዞ፣ «ባለቤት የለውም፣ የእግዜር ነው» ብለው ማሉ። ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ባለቤት የሌለውን ማን ይሸጠዋል? ማንስ ይገዛዋል? ለሁላችንም አስቀረነው ብለው አባቴ ቤት ገብተው ሲያወሩልኝ ትዝ ይለኛል።

«ለካ በነሱ ሕግ ባለቤት የሌለው ሁሉ የመንግሥት ነው» አለ ይማም። «ከሽማግሌው አንዱ የኔ ነው ብሎ ቢዋሽ ኖሮ እሱን ነበር የሚጨቃጨቁት። እኛ ምለን ሰጠናቸው። መንግሥት ደግሞ ለአንድ ጣሊያን ሲኞር ሰጠው።»

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ምሳም አልበሉ፣ ራትም አልበሉ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ረግረጉ ውስጥ

ይማም «እስቲ አላህ ያውቃል፣ እንሞክራት» አለ። አባቴን አዝዬ ረግረጉ ውስጥ ገባሁ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቴ፣ ከዚያ እስከ ጭኔ። ደንገሉ ፊቴን ይገርፈኛል። ታንኳዋ እንደ ሞተ በሬ ሆዷ ተነፍቶ ተኝታለች።

ይማም ወጣባት፤ ጎኗ ውሃውን ነካ። አባቴን አስቀመጥሁባት፤ ውሃው በደንገሉ መካከል እየፈለቀ ወገባቸውን አለበሰው። አባቴ ዓይናቸውን ደሴቱ ላይ አድርገው ቅዝዝ ብለዋል። ደሴቱ ቅርብ ይመስላል፤ የዛፎቹ ጫፍ ይለያል። ይማም መቅዘፊያውን ጭቃው ላይ ተክሎ ገፋ፤ ታንኳዋ ትንሽ ሄደችና በአፍንጫዋ ወደ ታች አለች።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ!» አለ ይማም። «መሐል ላይ ትሰምጣለች። እኔ እዋኛለሁ፤ እርስዎ ግን...»

«ግፋ» አሉ አባቴ።

«አልገፋም። እርስዎን ገድዬ ከአላህ ዘንድ ምን እላለሁ?»

እኔም ታንኳዋን ጎትቼ መለስሁ። አባቴ እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ልጃቸው ሆኜ ሲያለቅሱ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ያን ጊዜ ጣሊያኑን ብቻ አይደለም የረገምሁት፤ መስቀሉንም ቁርዓኑንም ይዞ እውነት የተናገረውን ሽማግሌ ሁሉ ረገምሁ።

ሐሙስ ከቀትር በፊት፣ ከበሩ ላይ

አባቴ ልብሳቸው ሳይደርቅ «ወደ ሽቦው አጥር በር ውሰደኝ» አሉኝ። ይማምም ተከተለን። በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ልብሱ የጣሊያን፣ አነጋገሩ የኛው አገር።

«በዚህ አይታለፍም» አለ። «የሰው ንብረት ነው።»

መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ያዙኝ። ጥምጥማቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ጎንበስ ያሉት ለዘበኛ ነው፤ ጳጳስ ሲመጣ እንኳ ወገባቸው እሺ የማይላቸው ሰው።

«ልጄ፣ እኔ የባለቤቱን ፈቃድ ለመለመን ነው የመጣሁ። ከዚያ ካለው መሳፈሪያ የነሱ ጀልባ ትወስደኛለች ብዬ ነው። አንድ ሽማግሌ ብቻዬን ነኝ፤ ሣሩንም አልረግጥበት።»

የባለቤቱን አሉ። ይማም ሰምቶ ፊቱን አዞረ።

ዘበኛው ደነገጠ። ጠመንጃውን ወደ ኋላ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔታ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሲኞሩ የለም፤ ጎንደር ነው። እሱ ሳያዝ ከከፈትሁ እኔን ነው የሚሰቅሉኝ» አለ።

«መቼ ይመጣል?»

«እንጃ። ቤቱን አሠራ እንጂ አንድ ቀንም አድሮበት አያውቅ።»

 የሚያርፍበት ቢኖር፣ የሚዋኝበት፣ ሚስቱን የሚያናፍስበት ቢኖር እንኳ እልህ ይሆነኝ ነበር። ባዶ ቤት ነው የከለከለን።

አባቴ «እንግዲያው ከውሃው ትንሽ አምጣልኝ» አሉ። ዘበኛው ወርዶ በቆርቆሮ ጣሳ ቀድቶ በሽቦው መሐል አቀበላቸው። ግማሹን ጠጡ፣ በግማሹ ፊታቸውን አበሱ። ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ይባርኩኝ» አለ። እኔ ልተፋበት ምራቄን ሰብስቤ ነበር፤ አባቴ ግን እጃቸውን በሽቦው አሾልከው ባረኩት። እጃቸውን ሲመልሱ እጅጌያቸው በሽቦው እሾህ ተቀደደ።

ዓርብ፣ የመመለሻው መንገድ

ይማም እስከ መውጫው ሸኘን። «የኔታ፣ ክረምት ሲመጣ ባሕሩ ሞልቶ አጥሩን አልፎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ከደጄ ላይ አሳፍርዎታለሁ» አላቸው። ክረምት እንደማይደርሱ እሱም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። «እሺ ይማም» አሉት።

መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «ልጄ፣ ያን ቀን ምን ማለት ነበረብኝ? የኔ ነው ብል በመስቀሉ ዋሽቼ እኮነናለሁ። እውነቱን ተናገርሁ፤ ይኸው ሰውን ከባሕሩ ለየሁት።»

የበቅሎዋን ልጓም ወደ ትከሻዬ አዙሬ ወደ ፊት ሄድሁ። 

ከተመለስን ወዲህ

ጎረቤት ሊጠይቅ መጣ። እኔ ንዴቴ ስላልበረደ ሁሉንም ዘረገፍሁት። መንደራችን ሰፊ የወል መስክ አላት፤ ከብት ይሰማራበታል፣ የቤተ ክርስቲያኑም አቋራጭ መንገድ በዚያው ያልፋል። «እንግዲህ እዚህም መጥተው የማን ነው ሲሉ የማንም አይደለም እንዳትሉ» አልኋቸው። ሰው ሁሉ ተበተነ።

በነጋታው ከየአቅጣጫው የመጥረቢያ ድምፅ ሰማን። ሰዉ ግራር ቆርጦ መስኩን በየፊናው ያጥራል። ለዘመናት ማገዶ አብረው የለቀሙ ሰዎች በአንድ ክንድ መሬት ተሰዳደቡ። ሁሉም «የኔ ነው!» ይላል። አባቴ ከተኙበት ሆነው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆዩ።

የቀበርናቸው በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ነው። ቃሬዛውን ተሸክመን በአቋራጩ ስንሄድ ከእሾህ አጥር ላይ ደረስን። አጥሩ ዋለ የሚባል ጎረቤታችን ያጠረው ነው፤ እሱም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። ትከሻውን ለሌላ ሰጥቶ ወደ ፊት ሮጠና እሾሁን በእጁ ጎትቶ ከፈተልን። አባቴን ይዘን አለፍን። ዞር ብዬ ሳይ ዋለ ከለቀስተኛው ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እንባውን በክንዱ እየጠረገ፣ እሾሁን ወደ ቦታው ይመልሳል።